ይድረስ ለአርሲ ደጋ ሰው፦ ስለ አንድ ጃፓናዊ ሠዓሊና ስለ እኛው ሰው



ጃፓንን በሩጫ ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኦሳካ ላይ የበቆጂዎቹ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቁ አርሲ በደስታ ሰክራ ነበር። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ጃፓናዊ ገበሬ ነው።

ማናቡ ማቤ እ.ኤ.አ. በ1924 ኩማሞቶ ተወለደ። የ10 ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ብራዚል ተሰደደ። እዚያም ከሀገራችን በወጣው ተክል፣ በቡና፣ እርሻ ላይ እየሠራ አደገ፤ ሥዕልን የተለማመደው ከሥራ በተረፈችው ሰዓት ነው። መጀመሪያ የሚታወቅ ነገር ይስል ነበር፤ ኋላ ግን ሸራውን በሰፋፊ ቀለም ብቻ መሙላት ጀመረ። በ1957 የቡና እርሻውን ሸጦ ሳኦ ፓውሎ ከተማ ገባ። በ1959 ቢየናሌ በሚባለው የከተማዋ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ የብራዚል ምርጥ ሠዓሊ ተብሎ ተሸለመ። በ1979 ደግሞ ከቶኪዮ ኤግዚቢሽኑ ሲመለሱ የነበሩ 53 ሥዕሎቹን የጫነ አውሮፕላን ፓስፊክ ላይ ደብዛው ጠፋ፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ማቤ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1997፣ ብሩሹን አላስቀመጠም።

ይህን ያነሳሁት እንዲህ የሚታወቅ ነገር ስለማይታይበት ሥዕል «አብስትራክት ሥዕል የተማረ ሰው ቅንጦት ነው» ሲባል ስለምሰማ ነው። የማቤ እጅ ግን ብሩሽ ከመልመዱ በፊት አፈር የለመደ ነበር።

የእኛውም ሰው ተመሳሳይ ወቀሳ ደርሶበታል። የሐረሩ ተወላጅ ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፤ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ሲያሳይ «ይሄ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ አይደለም» ያሉት ብዙዎች ነበሩ። በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን የቀሩ ሥዕሎቹ ዛሬ ወደ ሀገር ተመልሰው ስድስት ኪሎ፣ በስሙ በተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ።

«የእኛ አይደለም» ለሚል ሰው መልሱ ያለው ከደጃችሁ ነው። ከሻሸመኔ ወደ ዶዶላ ስትሄዱ በመንገዱ ዳርና ዳር በደማቅ ቀለም ያጌጡ መቃብሮች ታያላችሁ። በላያቸው የተሣለው ፈረሰኛ ሟቹን ያስታውሳል፤ በዙሪያው ያለው ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ጌጥ ግን የምንም ነገር ምስል አይደለም። «ይህ መስመር ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አላፊ አግዳሚ አልገጠመኝም። ቀለሙ ሟቹን አክብሮታል ወይስ አላከበረውም፣ ዓይን ራሱ ይፈርዳል። የማቤም የገብረ ክርስቶስም ሸራ ከተመልካቹ የሚጠይቀው ይህንኑ ፍርድ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ዲግሪ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አዲስ አበባ ጉዳይ ሲኖራችሁ ስድስት ኪሎ ጎራ በሉና አንድ ሥዕል መርጣችሁ፣ ስም ሳትፈልጉለት፣ ረጋ ብላችሁ እዩት። የአሰላ መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችሁ የአካባቢያቸውን ጌጥ በቀለም እንዲሠሩና በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለወላጆቻቸው እንዲያሳዩ አድርጉ። አርሲ ሯጭ ያፈራችው ልጆቿ እንዲሮጡ ስለተበረታቱ ነው፤ ሠዓሊም የሚወጣው እንዲሁ ነው።

አክባሪያችሁ