ፕሮቶን ሲሸጥ ያለቀሱት ሽማግሌና እኛ

ወገን! ዛሬ የምናወራው ስለ መኪና ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ነገሩ ከመኪና ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ማሌዥያ ውስጥ አንድ የ91 ዓመት ሽማግሌ የሐዘን ጽሑፍ አወጡ። ሰው አልሞተባቸውም። የተሸጠባቸው የመኪና ፋብሪካ ነው፤ ፕሮቶን። ሽማግሌው ዶክተር ማሃቲር መሐመድ ናቸው፣ ሀገሪቱን ከ20 ዓመት በላይ በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት። ፕሮቶን ከአእምሯቸው የተወለደ ልጅ እንደሆነ፣ አሁን ያ ልጅ እንደጠፋባቸው፣ የሌላው ሰው ዓይን ደረቅ ቢሆን እንኳ እሳቸው እንደሚያለቅሱ ጻፉ። ገዢው ጂሊ የሚባለው የቻይና ኩባንያ ነው። 49.9 በመቶ ድርሻ ወሰደ።

ይህንን ስታነቡ የመጀመሪያ ስሜታችሁ ምን እንደሆነ እናውቀዋለን። «ሀገር ተሸጠ!» እኛም መጀመሪያ ያልነው እሱን ነው። ታሪኩን ከሥሩ ስናየው ግን ሌላ ነገር አገኘን።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ፕሮቶን በ1983 ተመሠረተ። ማሌዥያ ያኔ በዓለም ገበያ የምትታወቀው በጎማዋና በፓልም ዘይቷ ነበር። ማሃቲር «የራሳችን መኪና ይኖረናል» ብለው ተነሱ። ከጃፓኑ ሚትሱቢሺ ጋር ተሻረኩ፤ 70 በመቶው የሀገር፣ 30 በመቶው የጃፓኖቹ። በ1985 የመጀመሪያዋ መኪና «ሳጋ» ከሻህ አላም ፋብሪካ ወጣች። በዚያው ዓመት ማሃቲር ራሳቸው መሪ ጨብጠው በሳጋ አዲሱን የፔናንግ ድልድይ ተሻገሩ። እውነቱን እንናገር ከተባለ የሳጋ ስሟ የማሌዥያ፣ አጥንቷ ግን የሚትሱቢሺ ላንሰር ነበር። ቢሆንስ? ተወልዶ በዚያው ቀን የሮጠ ሕፃን የለም።

ደግሞም አደገ። በጥሩ ዘመኑ ሀገር ውስጥ ከሚሸጠው መኪና ከግማሽ በላዩ ፕሮቶን ነበር። በ1996 ስመ ጥሩውን የእንግሊዝ ሎተስን ገዛ። በ2000 ማሌዥያውያን ራሳቸው የነደፏት «ዋጃ» ወጣች። በ2004 ደግሞ «ካምፕሮ» የተባለ የራሱን ሞተር ይዞ ብቅ አለ። በ20 ዓመት ውስጥ ከመገጣጠም ወደ መንደፍ! ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ማንም አያናንቀው።

ታዲያ የት ላይ ተበላሸ?

መንግሥት ልጁን ከአደባባይ ፀሐይ ሰውሮ ነው ያሳደገው። ከውጭ የሚገባ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ተጣለ። ሰፊው ሕዝብ ያለው አማራጭ ወይ ፕሮቶን መግዛት፣ ወይ ለሌላው መኪና እጥፍ ድርብ መክፈል ሆነ። ጀማሪን መከለል ጥፋት አይደለም፣ ጃፓንም ኮሪያም አድርገውታል። ጥፋቱ ከለላው ቀነ ገደብ ማጣቱ ነው። ኮሪያዎቹ «ከለልንህ፣ በል አሁን ውጭ ሀገር ሄደህ ሽጥ» ብለው ፋብሪካዎቻቸውን አስጨነቁ። ፕሮቶንን ግን ማንም አላስጨነቀውም። ገዢው የትም አይሄድማ!

የፕሮቶን መኪና የመስኮት ነገር ማሌዥያ ውስጥ የታወቀ ቀልድ ነው። ቁልፉን ተጭነህ መስታወቱን ታወርደዋለህ፣ ተመልሶ አይወጣም። ሕዝቡ ለዓመታት እየሳቀ፣ እየተሳደበ፣ ግን እየከፈለ ኖረ። በ2004 ኩባንያው የጣሊያኑን የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ኤምቪ አጉስታን በ70 ሚሊዮን ዩሮ ገዛ። በቀጣዩ ዓመት ድርሻውን በ1 ዩሮ ሸጠው። በትክክል ነው ያነበባችሁት፣ አንድ ዩሮ። በ2016 ዓመታዊ ሽያጩ ወደ 72 ሺህ ገደማ ወረደ። መንግሥት 1.5 ቢሊዮን ሪንጊት ሲያበድረው «የውጭ ሸሪክ ፈልግ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ፕሮቶን የተሸጠው በ2017 አይደለም። የተሸጠው መስኮቱ እየተበላሸ ማንም ባልተጠየቀበት ቀን ነው። በ2017 የሆነው ፊርማው ብቻ ነው። የኛ አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ።

ሽያጩ ሲሰማ ማሌዥያውያን ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ማሃቲር አለቀሰ። ሁለተኛው «50.1 በመቶው አሁንም በእጃችን ነው፣ ፕሮቶን የሀገር መኪና እንደሆነ ይቀጥላል» አለ፤ መንግሥት ይሄን ነው የያዘው። ሦስተኛው «እሰይ ተገላገልን!» አለ። ይህንን ሦስተኛውን ባንዳ ለማለት አትቸኩሉ። እሱ እኮ ያ መስኮት የማይዘጋለት ሰው ነው። ብሔራዊ ኩራት ተብሎ ሂሳቡን ለ30 ዓመት የከፈለው እሱ ነው። ሕዝብ የራሱን ምርት ሲጠላ ከሕዝቡ በፊት ምርቱን መመርመር ይገባል።

«ታዲያ ለሀገር ሰው ቢሰጥ አይሻልም ነበር?» ትሉ ይሆናል። እንግሊዝን እዩ። በ2000 ቢኤምደብሊው ሮቨርን በ10 ፓውንድ ለሀገሬው ነጋዴዎች ሲያስረክብ ሠራተኛው ሎንግብሪጅ ፋብሪካ በር ላይ በጭብጨባ ተቀበላቸው። «የኛ ለኛ ሆነ» ተባለ። በ2005 ኩባንያው ተንኮታኮተ፣ 6 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ከሥራ ወጣ፣ ቅሪቱን ቻይኖች ለቀሙት። የሀገር ልጅ ባለቤት ስለሆነ ብቻ ፋብሪካ አይድንም። ባንዲራ ሞተር አያስነሳም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እንይ፣ ፍርዳችን ሚዛን እንዲይዝ። ጂሊ ከገባ በኋላ ቻይናዊ ሥራ አስፈጻሚ ተሾመ። በ2018 መጨረሻ ኤክስ 70 የተባለችው መኪና ወጣች። በዚያ ዓመት 64 ሺህ ገደማ የነበረው ሽያጭ በ2019 ከ100 ሺህ አለፈ፣ ፕሮቶን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተመለሰ። ፋብሪካው ዳነ፣ እንጀራም ዳነ። ግን ኤክስ 70 ማን ናት? የጂሊ ቦዩ ናት፣ ነብር የተሳለባት አርማ ተለጥፎላት። ዋጃን የነደፈ እጅ እንደገና ወደ መገጣጠም ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ የሽማግሌው እንባ ከንቱ አልነበረም። እሳቸውም ፕሮቶን በጂሊ እጅ እንደሚሳካለት አልካዱም። ያሉት ስኬቱ የራሴ ካልሆነ በምኑ እኮራለሁ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። የዘገየ መሆኑ ነው እንጂ።

እና ለኛ ምን ይለናል?

እኛም እኮ ሞክረናል። ሆላንድ ካር የሚባል ድርጅት ሞጆ ላይ መኪና ይገጣጥም ነበር፤ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ ብሎ በወንዞቻችን ስም ጠራቸው። ስማቸው ደስ ይላል፣ አካላቸው ግን በአብዛኛው ከቻይና የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ኪሳራ ታወጀ። ስንቶቻችን አዘንን? ስንቶቻችንስ ሰማን? ዛሬ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠም ተጀምሯል። ባንኩም ለውጭ ባለሀብት በሕግ ተከፍቷል። «ተሸጠ፣ አልተሸጠም» የሚለው ክርክር ገና ብዙ ይጠብቀናል።

ይህንን የሚጽፈው ልጅ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ቤት የተቀመጠ ነው፣ እንደ ብዙዎቻችሁ። ተማሪ እያለ ለልምምድ አንድ መገጣጠሚያ ገብቶ ነበር። ዕቃው በሣጥን ይመጣል፣ ብሎኑ ሳይቀር ተቆጥሮ። የሱ ሥራ ሣጥን መክፈትና ብሎን ማጥበቅ ነበር። አንድ ቀን «ይሄ ብረት ለምን በዚህ ውፍረት ተሠራ?» ብሎ ጠየቀ። የሚመልስለት ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም። ክፋት አይደለም፣ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነው። ያንን ፋብሪካ ማንም ቢገዛው ከኛ ምን ይወስድብናል? የሚሸጥ እውቀት መጀመሪያ መኖር አለበት።

መንገዱ ደግሞ እንግዳ አይደለም፣ ቤታችን ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ሲመሠረት ሥራውን የያዘው የአሜሪካኑ ቲደብሊውኤ ነው። አብራሪውም ሥራ አስኪያጁም ፈረንጅ ነበር። የኛ ሰዎች «ሀገር ተሸጠ» ብለው አልተቀመጡም፣ በፈረንጅ ሥር ዘላለም እንኑርም አላሉም። ባለቤትነቱን ይዘው ተማሩ። ፓይለቱ፣ መካኒኩ፣ አስተዳዳሪው አንድ በአንድ በሀበሻ ተተካ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ። ዛሬ የምንኮራበት እሱ ነው።

ስለዚህ ወገኔ፣ ከዛሬ ጀምሮ «ማን ገዛው?» ብለን ብቻ አንጩህ። እነዚህን እንጠይቅ፦

1. ውሉ ላይ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ንድፍ ክፍል የሚገባበት ቀን ተጽፏል ወይ?
2. ከሀገር ውስጥ የሚመረተው ክፍል በየዓመቱ ስንት ይደርሳል? ካልደረሰ ማን ይጠየቃል?
3. ከለላው መቼ ያበቃል? ቀን የሌለው ከለላ ልጅ አያሳድግም፣ ያሰንፋል።
4. ዕቃው ሲበላሽ የሚያቤት የሚልበት ቦታ አለ ወይ? «የሀገር ምርት ነው፣ ቻሉት» የሚል ነጋዴ የሀገር ወዳድ አይደለም፣ በሀገር ስም የሚበላ ነው።

ለእናንተም አንድ አደራ። ጎበዝ የሀገር ልጅ የሠራውን ዕቃ ስታገኙ ግዙ። ሲበላሽ ደግሞ ተናገሩ፣ በይሉኝታ አትሸፍኑለት። የሸፈናችሁለት ቀን ነው መሸጥ የጀመረው።

ማሃቲር ያለቀሱት በ91 ዓመታቸው ነው። እኛ ገና በሃያዎቹ ነን። እንባችንን ለኋላ እናቆየውና አሁን እንጠይቅ፣ እንማር፣ እንሥራ።

ኢትዮጵያ በልጆቿ እጅ ትቁም!