የሯጭ ብርታት ከጣሳ ነው ወይስ ከመሶብ?

ከውጭ አገር የሚመጣ የፕሮቲን ዱቄት በጣሳ ሆኖ ይሸጣል። «ድካም ያስወግዳል» ሲባል የወጣት ሯጭ ልብ መነሣሣቱ አይቀርም። ነገር ግን በእስቴ፥ በመካነ ኢየሱስ የሚኖር አንድ ጎበዝ፥ አባቱ እህል ሸጦ የሰጠውን ገንዘብ ለዚህ ዱቄት ቢያውለው ምን ያተርፋል?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ረጅም ርቀት የሚሮጠውን ሰው በይበልጥ የሚያደክመው በጡንቻውና በጉበቱ የተከማቸው ስኳር ማለቁ ነው። ይህንንም የሚተካው እንጀራ፥ ዳቦና ድንች ነው። የፕሮቲን ሥራ ሌላ ነው፤ የተጎዳውን ጡንቻ ይጠግናል። ስለዚህ አስፈላጊነቱ አያጠራጥርም፤ ጥያቄው ከወዴት ይገኛል ነው።

የስፖርት ምግብ ሊቃውንት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ይበቃል ይላሉ። 55 ኪሎ ለሚመዝን ሯጭ ከ66 እስከ 110 ግራም ይሆናል። 400 ግራም የጤፍ ዱቄት 50 ግራም ያህል፥ 100 ግራም የባቄላ ሽሮ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ድምሩ 75 ነው። በጤፍ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ባቄላው ይሞላዋልና፥ በጾም ወራት እንኳ ገበታው ባዶ አይደለም። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ስለ ታወቁ ኢትዮጵያውያን ሯጮች የታተመ ጥናትም፥ ምግባቸው አብዛኛው ከዕፀዋት ሆኖ ሳለ ፕሮቲናቸው በዚሁ ልክ ውስጥ መሆኑን አሳይቷል።

ፋፋ የተባለው ዱቄት በአገራችን የተዘጋጀው ገንቢ ምግብ ለጎደላቸው ሕፃናት ነበር። ጉድለት ለሌለበት ሰው ግን ጭማሪው ከንቱ ወጪ ነው።

ጉዳቱም በገንዘብ ብቻ አይቀርም። በ2004 ዓ.ም. (በኤውሮጳ) በታተመ ምርመራ፥ ከ13 አገሮች ከተገዙ 634 ተጨማሪ ምግቦች በ94ቱ ውስጥ በመለያቸው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ተገኝቷል። በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ሕግ ደግሞ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ኃላፊው ራሱ ሯጩ ነው። እንግዲህ አንድ ጣሳ የብዙ ዓመት ልፋት ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ድካሙ አልለቅ ያለው ሯጭ ጣሳ ከመግዛቱ በፊት ደሙን ይመርመር፤ የብረት ማነስ ሊሆን ይችላልና። እናንተም በየወረዳው ስፖርትን የምትመሩ ወጣት ሹማምንት፥ ለዱቄት መግዣ ከማሰባችሁ በፊት ሠልጣኙ ከልምምድ በኋላ ጠግቦ መብላቱን፥ በቂ እንቅልፍም ማግኘቱን ጠይቁ። ለብዙው ወጣት የጎደለው ጣሳ ሳይሆን የሞላ መሶብ ነው።