መጠገን ካልቻልን ማስታወስም አንችልም

ሰሞኑን ወሬው ሁሉ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። እኔ ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን ዕድሜው 40 ዓመት ስላለፈ አንድ የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ይረባናል?» የሚል አይጠፋም። ጥቂት ታገሡኝ፤ ጉዳዩ ኪሳችን ውስጥ ያለውን ስልክም፣ መሥሪያ ቤቶቻችን ያስቀመጡትን መዝገብም ይነካል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሞዶር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «ኮሞዶር 64» የሚባል የቤት ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ለዚህ ኮምፒውተር ፕሮግራምና ጽሑፍ የሚያስቀምጥለት «1541» የተባለው የዲስክ ማንበቢያ ለብቻው ይሸጥ ነበር፤ ዋጋው ወደ 400 ዶላር ነው። በዲስኩ አንድ ገጽ ላይ የሚይዘው 170 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባበትም። ኩባንያው በ1994 ከሰረ። ማንበቢያው ግን በአውሮፓና በአሜሪካ በየአፍቃሪው ቤት እየተጠገነ እስከ ዛሬ ይሠራል።

የማሽኑ ሕመም የታወቀ ነው። ዲስኩን የሚያነበው ሄድ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ የሚነግረው መለኪያ አልተገጠመለትም። ስለዚህ ግራ በገባው ቁጥር ሄዱን ወደ ጠርዝ እየገፋ ከማቆሚያው ጋር ያላትመዋል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ይህ ሲደጋገም ሄዱ መስመሩን ይስታል። መስመሩን የሳተ ማንበቢያ ጠባዩ ይገርማል፤ ራሱ የጻፈውን ያነባል፣ ሌላው የጻፈውን ግን አላውቀውም ይላል።

የሚያናድደው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ የጌም ሻጮች ዲስካቸው እንዳይቀዳ ሲሉ ሆን ብለው ስሕተት ይጽፉበት ነበር። ማንበቢያው እዚያ በደረሰ ቁጥር ሄዱን ያላትማል። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው ማሽኑ ተጎዳበት፤ ቁልፉ የተሰበረለትን ቅጂ ያገኘው ግን በሰላም ተጫወተ። ሌባ ለመያዝ ተብሎ የባለቤቱ በር ተሰበረ።

ታዲያ ይህን ያህል የሚታመም ማሽን እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ? መልሱ አጭር ነው፤ ይከፈታል። ካቻቢቴ የያዘ ሰው ክዳኑን ያነሳል። የቆሸሸውን ሄድ አልኮል በነካ ጥጥ ያጸዳል። የላላውን የጎማ ቺንጋ ይቀይራል። መስመሩን የሳተውን ደግሞ የሞተሩን ብሎኖች ላላ አድርጎ፣ ሞተሩን በጥቂቱ እያዞረ ይመልሰዋል። የጥገና መመሪያው ከነሰርኪዩት ንድፉ ታትሟል። ብዙዎቹ ቺፖች በሌሎች ማሽኖችም የሚገኙ የተለመዱ ናቸው። ኩባንያው ሞተ፣ እውቀቱ ግን አብሮት አልተቀበረም።

«ይህ የአሮጌ ዕቃ ወዳጆች ጨዋታ ነው» የሚል ካለ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ታዋቂው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል በ1985 በዚሁ ኩባንያ አሚጋ ኮምፒውተር የሠራቸው ሥዕሎች ፍሎፒ ዲስክ ላይ ለ30 ዓመት ገደማ ተረስተው ነበር። በ2014 ከተሸሸጉበት ያወጧቸው አሮጌ ማሽን የሚነካኩ፣ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ናቸው።

«ሁሉንም ወደ ክላውድ መገልበጥ ነው» የሚለውም መልስ አይሆንም። ለመገልበጥ መጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ለማንበብ ደግሞ የሚሠራ ማንበቢያ። ዲስኩ ላይ ያለው ማግኔትም በዕድሜ ይደክማል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ኮምፒውተር ወደ ቢሮዎቻችን ሲገባ ደብዳቤውም ጥናቱም ፍሎፒ ላይ ነበር የሚቀመጠው። የእኛ ችግር ደግሞ ድርብ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ዲስኩ ቢነበብ እንኳ ሶፍትዌሩ ከሌለ የሚወጣው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። የብራና መጽሐፍ ከመቶ ዓመታት በኋላ ተገልጦ ይነበባል። የ30 ዓመት ፍሎፒ ግን ሁለት ቁልፍ ይጠይቃል።

ዛሬ የምንገዛቸው ዕቃዎች ደግሞ የባሱ ናቸው። ክዳናቸው በሙጫ ተጣብቋል፣ ንድፋቸው ምስጢር ነው። ከተመሳሳይ ስልክ የተፈታ ስክሪን ሲገጠምለት የማይቀበል ስልክ አለ። የሰፈራችን ጠጋኝ እጅ አላጠረውም፤ በሩ ተቆልፎበት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 የመጠገን መብትን የሚያጠናክር መመሪያ አጽድቋል። ስልክን ጨምሮ የተወሰኑ ዕቃዎች አምራቾች ከዋስትናው ጊዜ በኋላም በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲጠግኑ ይጠይቃል።

በኔ እምነት ከዚህ ሁለት ሥራ እንማራለን። አንደኛ፣ መንግሥት ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ሲገዛ የጥገና መመሪያና መለዋወጫ የውሉ አካል ይሁኑ። ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ይህ ቅንጦት አይደለም። ሁለተኛ፣ በየመዝገብ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የቀሩ ፍሎፒዎች ካሉ ከመጣላቸው በፊት ይቆጠሩ፤ የሚሠራ ማንበቢያ ያለው መሥሪያ ቤትም እንደ ቁርጥራጭ ብረት በጨረታ አይሽጠው። እናንተም ቤታችሁ አንድ ሁለት ፍሎፒ ካለ አትጣሉ። የሚጠግን ሰው ዛሬ አለ፤ ነገ ስለመኖሩ ግን ዋስትና የለንም።