ቅንጦቱ መግዛቱ እንጂ ማበጠሩ አይደለም

«ሰው የሚቀምሰው አጥቶ እያደረ ስለ ውሻ ፀጉር ማበጠሪያ በጀት ይጻፋል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኔም ውሻ ከሰው ይበልጣል አላልኩም። የምለው ሌላ ነው፤ ቅንጦት የቱ ጋ ጀምሮ የቱ ጋ እንደሚያበቃ በቅጡ አልለየንም ነው የምለው። ብርቅ ውሻ አፈላልጎ፣ ረብጣ ገንዘብ ከፍሎ ቤት ማስገባት ቅንጦት ነው፤ ማንም ማንንም አላስገደደም። ከገባ በኋላ ፀጉሩን መንከባከብ ግን ዕዳ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይዞታል። ለግዢው እጁ አይሰስትም፤ ለእንክብካቤው ሲሆን «ደግሞ ለውሻ ፀጉር!» ብሎ ቆጣቢ ይሆናል።

ነገሩን በአንድ ውሻ እንመልከተው። ጣሊያኖች «ቮልፒኖ ኢታሊያኖ» የሚሉት ዘር አለ፤ «ትንሹ የጣሊያን ቀበሮ» እንደማለት ነው። ሲቆም ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ አብዛኛው እንደ ባዘቶ ጥጥ የነጣ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ ጀርባው ላይ የተጠቀለለ ነው። በአንድ ወቅት የመኳንንት እልፍኝም የገበሬ ደጅም ጠባቂ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግን ዘሩ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አርቢዎች ከየገጠሩ የተረፉትን እያሰባሰቡ እንደገና አራቡት። ዛሬም በገዛ አገሩ ብርቅ ነው። ብርቅ በመሆኑም ይፈለጋል።

ይህን ውሻ ያወቅሁት በአክስቴ ልጅ በኩል ነው። ሮም ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ እንደ እሷ ያሉ እህቶቻችን እዚያ ጥቂት አይደሉም። አሠሪዋ ወይዘሮ ቮልፒኖውን ሲገዙ ዋጋውን፣ የዘር ሐረጉን ወረቀትና የክትባቱን ወጪ አስልተዋል። ፀጉሩን ግን አላሰሉም። ለምን ያሰላሉ? የአክስቴ ልጅ አለችላቸዋ!

እዚህ ላይ የፀጉሩን ነገር ማስረዳት ግድ ነው። ቮልፒኖ ድርብ ፀጉር ያለው ውሻ ነው። ላይኛው ረጅምና ጠንከር ያለ ሆኖ ዝናብና ጭቃ ይመክታል፤ ሥሩ ያለው እንደ ጥጥ የላላ፣ የተጠቀጠቀ ሆኖ አየር ይይዛል። ከብርድ የሚጠብቀው ይኸው ነው፤ ቆዳውንም ፀሐይ እንዳይለበልበው ይከላከልለታል። የውስጠኛው በተለይ በወቅቶች መለዋወጫ በገፍ ይረግፋል። የረገፈው ሁሉ ግን መሬት አይወድቅም፤ ላይኛው ይዞ ያስቀረዋል። ካልተበጠረ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ሥር፣ ከማሰሪያው በታች፣ ከኋላ ጭኑ ላይ ይቋጠራል። ቋጠሮው ውኃ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃል፤ ውሻው በተራመደ ቁጥር ቆዳውን ይጎትተዋል፤ ከሥሩ እርጥበት ያምቃል፣ ቁስልና ቁንጫ ይደብቃል። ከውጭ ለሚያይ እንግዳ ግን ያው የሚያምር ነጭ ውሻ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ አንባቢ በከተማው ዋጋ ይለውጣቸው። ጣሊያኖች «ቶለታቱራ» ወደሚሉት የውሻ ውበት ቤት በየስምንት ሳምንቱ ይወሰዳል እንበል፤ በዓመት ስድስት ጊዜ ነው። በአንድ ጊዜ 45 ዩሮ ቢከፈል 270 ዩሮ ይሆናል። በጣም በሚረግፍበት ወቅት ሥራው ረዘም ስለሚል፣ ሁለት ተጨማሪ ቀናት በ60 ዩሮ ሒሳብ 120 ይሆናሉ። ለብሩሽ፣ ለብረት ሚዶና ለውሻ ሻምፑ 50 እንመድብ። ድምሩ 440 ዩሮ ነው፤ በወር ሲካፈል 37 ገደማ ይደርሳል። ይህ የሚታየው በጀት ነው።

የማይታየውስ? ባለሙያው በየስምንት ሳምንቱ የሚሠራው ሥራ በመካከሉ ካልተበጠረ ዋጋ የለውም። በሳምንት ሦስት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ ቢበጠር፣ ያውም ፀጉሩን ሽፋን በሽፋን እየከፈሉ ሚዶው እስከ ሥር እስኪዘልቅ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በዓመት 52 ሰዓት ነው። ሰዓቱን በ9 ዩሮ ብንመታው 468 ዩሮ ይመጣል። ልብ በሉ! በደረሰኝ ከሚከፈለው በሙሉ ይበልጣል። ይህን ወይ ባለቤቱ በጉልበቱ ይከፍላል፣ ወይ ለሠራተኛ ይከፍላል፣ ወይ ውሻው በቆዳው ይከፍላል። አራተኛ ከፋይ የለም።

የአክስቴ ልጅ ይህን አንድ ሰዓት የምትሠራው ከምግብ ማብሰሉና ከቤት ጽዳቱ በኋላ ነው። «ውሻው ይወድሻል» ትባላለች። ፍቅር ደመወዝ ሆኖ አረፈው! የጣሊያን የቤት ሠራተኞች የኅብረት ስምምነት የቤት እንስሳት ተንከባካቢን እንደ አንድ የሥራ ዓይነት በስሙ ጠርቶ አስፍሯል። ስም ያለው ሥራ ደመወዝም አለው። «ትርፍ ሰዓት አላት፣ ታበጥረው» የሚል ሰው በጀት አልያዘም፤ ከሌላ ሰው ኪስ ቆነጠረ እንጂ።

እኛስ ከዚህ የጸዳን ነን? አዲስ አበባ ውስጥ ቮልፒኖ አያጋጥም ይሆናል፤ ፀጉራም «የፈረንጅ ውሻ» ግን በየግቢው አለ። ማን ያጥበዋል? ዘበኛው። በምን? ባገኘው የልብስ ሳሙና። ከዚያ ሳይበጠርና ሳይደርቅ ክረምቱ ላይ ይለቀቃል። ዘበኛው ግቢ ለመጠበቅ ተቀጠረ እንጂ የፀጉር ባለሙያ ነኝ አላለም፤ የሚያሳየውም የለም። ውሻው ሲቆስል ግን ተወቃሹ እሱ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ሙልጭ አድርጎ መላጨት ነው፤ ወጪውም ይቀንሳል፣ ውሻውም ይቀለዋል» ይላል። ይህ ከሁሉ የከፋ ቁጠባ ነው። ሐኪም ለቁስል ወይም ለቀዶ ጥገና ካዘዘው፣ ወይም ቋጠሮው ሊፈታ የማይቻል ከሆነ ይላጫል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ያለዚያ ግን የተላጨ ድርብ ፀጉር እንደ ሰው ጠጉር አይመለስም። ውስጠኛው ቀድሞ በቅሎ ላይኛውን ሊውጠው ይችላል፤ ቮልፒኖ ያለበት የስፒትዝ ወገን ደግሞ ከተላጨ በኋላ ለብዙ ወራት ቦታ ቦታው ራሰ በራ ሆኖ መቅረቱ የታወቀ ነው። ለሙቀት ተብሎ የተላጨው ውሻ የፀሐይ ጥላውን ተገፈፈ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ይሠራል፤ ቋጠሮ በሃያ ደቂቃ ሚዶ ይከለከላል፣ ሲውል ሲያድር ግን መላጫና ሐኪም ይጠራል።

ሌላው ሰበብ «ዘሩ ብርቅ ስለሆነ የሚያውቅ ባለሙያ የለም» የሚለው ነው። ፀጉሩ ግን ብርቅነቱን አያውቅም። ድርብ ፀጉር የሚያበጥር፣ ከማጠቡ በፊት ቋጠሮ የሚፈታ፣ ካጠበ በኋላ እስከ ሥሩ በፎን የሚያደርቅ እጅ ለቮልፒኖም ይበቃዋል። የዘሩን ስም እየጠራ ዋጋ የሚያንር ካለ ደግሞ ሥራውን እንጂ ስሙን አትክፈሉት።

ስለዚህ ከግዢው በፊት የዓመቱ ሒሳብ ይጻፍ፤ ከገንዘቡ ጎን የሰዓቱም፣ ከሰዓቱ ጎን የሚያበጥረው ሰው ስምና ደመወዝ። ያ ወረቀት የሚያስፈራ ከሆነ አያሳፍርም። በየሠፈሩ ደጃፍ የተኛው አጭር ፀጉር ያለው የሀበሻ ውሻ ምግብ፣ ክትባትና መጠለያ ይፈልጋል እንጂ ሚዶ እምብዛም አይሻም። እሱን አሳድጎ በወጉ መያዝ፣ ብርቁን ገዝቶ በሰው ጉልበትና በውሻ ቆዳ ከመቆጠብ በስንት ጣዕሙ!