«ሲስተም የለም»

ከእንግሊዝኛ ተውሰን ካልመለስናቸው ቃላት ሁሉ እንደ «ሲስተም» የሚያናድደኝ የለም። መዋሱስ ግድ የለም፤ መኪናውንም ጎማውንም ከጣልያንኛ ነው የወሰድነው፤ ማን ተጎዳ? የኔ ጠብ ቃሉን ካዋልንበት ሥራ ጋር ነው።

ቃሉ በአገሩ ጨዋ ነው። እንግሊዞቹ በላቲን በኩል ከግሪክ ነው ያገኙት፤ የግሪኩ ፍቺም ተገጣጥሞ አንድ ላይ የቆመ ነገር እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ፀሐይና በዙሪያዋ የሚዞሩት ፕላኔቶች ሲስተም ናቸው። አንጎልና ነርቭ ሲስተም ነው። ኮምፒዩተሩ ከነመስመሩ ሲስተም ነው። አገር የሚተዳደርበት ሕግና ተቋምም ሲስተም ነው፤ በአስተዳደሩ የተማረረ ወጣት «ሲስተሙ!» ብሎ የሚራገመው ይህንኑ ነው። ፍቺው ቢበዛም ሥሩ አንድ ነው።

እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ሌላ ኑሮ ጀመረ። «በሲስተም ንገረው» ስንል በዘዴ፣ ሳታስቀይመው ማለታችን ነው። ይሄ ክፋት የለውም። «በሲስተም አስጨርሰው» ስንልስ? ሰልፉን ዘልለህ፣ በዘመድ ወይም በእጅ መንሻ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ በአገሩ የደንብ ስም የነበረው ቃል እኛ ጋ የደንብ መዝለያ ስም ሆነ! ሦስተኛው ደግሞ የመስኮቱ ሲስተም ነው፦ «ሲስተም የለም»።

በቅርቡ አንድ ባንክ ውስጥ ጡረታቸውን ሊቀበሉ የመጡ አዛውንት ሰልፉን ጨርሰው መስኮቱ ጋ ደረሱ።

«አባባ፣ ሲስተም የለም» አለቻቸው ልጅቷ ቀና ሳትል።

«መቼ ይመጣል፣ ልጄ?»

«አይታወቅም፣ አባባ።»

ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ማንን ይቆጡ? ሲስተም እኮ መልክ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ አለቃ የለውም። በልጅቷም አልፈርድም፤ የተሰጣትን ቃል ነው ያቀበለችው። መጠየቅ ያለበት ከበስተኋላዋ የተቀመጠው ኃላፊ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ያላሰበ፣ በር ላይ እንኳ አንድ ወረቀት ለጥፎ ሰውን ከሰልፍ ያላዳነ ኃላፊ።

«ቴክኖሎጂ ነው፤ በሠለጠነውም አገር ይበላሻል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ይበላሻል። ግን መጋቢት 2016 ዓ.ም.ን አስታውሱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ አስተላለፉ። ባንኩ ራሱ ያስታወቀው መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ «ሲስተም ነው» ተብሎ አልታለፈም። የመመለሻ ቀነ ገደብ ተቆረጠ፤ አልመለሱም የተባሉት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ተለጠፈ። ገንዘቡ መመለሱ ተገቢ ነው፤ የሰው ገንዘብ ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ሚዛኑ ነው። ብልሽቱ ተቋሙን ሲጎዳ ተጠያቂው ስምም ፎቶም አለው። ደንበኛውን ሲጎዳስ? ተጠያቂው ሲስተም ነው። የሲስተምን ፎቶግራፍ ማን አይቶ ያውቃል?

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ለዚህ ቃል አማርኛ አለን፤ ሥርዓት ይባላል። ሥርዓተ ፀሐይ፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ሥርዓተ ነጥብ እንላለን። ልጅ ሲያስቸግርም «ሥርዓት ያዝ!» እንለዋለን። በእኛ ቋንቋ አሠራርና ምግባር አንድ ስም ነው ያላቸው። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ መስኮት ላይ ያላችሁ ሁሉ «ሲስተም የለም» ማለቱን ተዉና በአማርኛ ንገሩን፦ «አባባ፣ ሥርዓት የለም» በሉ። እስቲ ሞክሩት! አፍ ይይዛል አይደል? ሰልፈኛው ዞር ብሎ ያያል፤ ውስጥ ያለው አለቃም ከወንበሩ ይነሣል። ማን እንዲህ አለ ብሎም ይቆጣል።

ይቆጣ። አዛውንቱ ያጡትን ሰው አገኘን ማለት ነው።