ከጥሪው በፊት ጥያቄው፦ የሳይንስ ተማሪዎች ዕድል በደቡብ ጎንደር ደጋ

በዚህ ዘመን በአንድ የሳይንስ ተማሪ ስልክ ላይ የሚደርሰው ጥሪ ብዙ ነው። አንዱ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጋብዛል፤ ሌላው ለጉባኤ የሚቀርብ የጥናት አጽሕሮት ይጠይቃል፤ ሦስተኛው የስታርታፕ ውድድር የመመዝገቢያ ቀነ ገደብ መቃረቡን ያስታውሳል። የጥሪው መብዛት በራሱ የሚያስከፋ አይደለም። ችግሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ጥሪውን ያገኛል፤ ለጥሪው የሚስማማ ችግር የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ አካሄድ የምስክር ወረቀት ይከማቻል፤ በተማሪው ዙሪያ ያለው ጥያቄ ግን ሳይነካ ይቀራል።

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛው ትውልድ ከሚባሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ወጣት ተቋም በገንዘብም ሆነ በቤተ ሙከራ ከቀደምቶቹ ጋር መፎካከር ይከብደዋል። ሌላው በቀላሉ የማያገኘው ሀብት ግን በደጃፉ አለው። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው የጉና ተራራ አለ፤ ከተራራው የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ተራራ፣ ወንዝ፣ ሜዳና ሐይቅ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ተያይዘው የሚገኙበት ይህ አካባቢ ለሳይንስ ተማሪ ራሱን የቻለ የመስክ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃድ፣ ጉባኤና ስታርታፕ ሦስት የተለያዩ ዕድሎች ተደርገው መታየት የለባቸውም፤ ከአንድ የአካባቢ ጥያቄ የሚነሣ የአንድ ሥራ ሦስት እርከኖች ናቸው። በመጀመሪያው እርከን ጥያቄው ይታያል፣ በሁለተኛው ይፈተናል፣ በሦስተኛው ለሰው ጥቅም ይውላል።

ከደን ጥናት የተገኘ ምስክር

ለዚህ ሐሳብ የቅርቡ ምስክር በዚሁ ዞን የተሠራ ጥናት ነው። በደቡብ ጎንደር ከነባሩ ደን የተረፈው በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚገኘው ነው። ብዙ አንባቢ «እመጓ»ን በመሰሉ መጻሕፍታቸው የሚያውቃቸው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ ለዶክትሬት ጥናታቸው የመረጡት ይህንኑ ቅሪት ነበር። ጥናቱ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በዞኑ በሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ በተደረገው ቆጠራ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከቆጠራው የማይተናነስ ክብደት ያለው ሌላ ግኝትም ነበር። ከብት እንደ ልቡ በሚገባበት ደን ችግኝ አይጸናም፤ ከብት በተከለከለበት ክፍል ግን የመብቀልና የማደግ ዕድል ያገኛል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ተተኪ ማጣት ማለት ደኑ ለዓይን ለምልሞ እየታየ ከውስጥ ማርጀቱ ነው።

ይህ ጥያቄ ከአገር ወጥቶ በሜክሲኮ አገር በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተሰማ። በዚያ አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከዓለማየሁ ጋር ተዋወቁ። ከትውውቁ ትብብር፣ ከትብብሩም የሚታይ ሥራ ተወለደ። ካህናትና ምእመናን የእርሻ ማሳን ያስቸግር የነበረውን ድንጋይ እየለቀሙ በደኖቻቸው ዙሪያ ካብ ካቡ፤ ለሥራው የሚያስፈልገውም ገንዘብ ከውጭ ተሰባሰበ። ድንጋዩ ከማሳ በመነሣቱ ገበሬው ተጠቀመ፤ ከብት በመከልከሉ ችግኙ ተረፈ። ሕዝቡ ደኑን የጠበቀው በእምነቱ ስለሆነ ካቡም የእርሱ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጉባኤው ፍሬ ያፈራው አስቀድሞ የበሰለ ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው ስለነበረ ነው። ያለዚያ ጥያቄ ወደ ሜክሲኮ የተደረገው ጉዞ ከፎቶግራፍና ከአንገት ማንጠልጠያ ባጅ ሌላ የሚተርፈው ነገር ባልኖረ ነበር።

በጎ ፈቃድ እንደ መዝገብ ያዥነት

የተማሪ አገልግሎት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1940ዎቹ አጋማሽ በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የነርስና የአካባቢ ጤና ተማሪዎችን በቡድን እያደረገ ወደ ገጠር ከተሞች በመላክ ሥልጠናን ከአገልግሎት ጋር አዋሕዷል። በእነዚህ ሥርዓቶች አገልግሎት የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበር እንጂ ከትምህርት የተረፈ ጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም።

ዛሬ በክረምት የሚደረገው ዛፍ ተከላና ጽዳት የሚመሰገን ነው። የሳይንስ ተማሪ ግን ከዚህ የተለየ፣ ሌላው ሊሰጠው የማይችል አገልግሎት አለው፤ እርሱም ተከታታይ ምልከታና ምዝገባ ነው። የሊቦ ከምከም ታሪክ ይህን ያስረዳል። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በዚያ ወረዳ የተከሰተው በሽታ ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ይህ በሽታ በይበልጥ የሚታወቀው እንደ መተማና ሑመራ ባሉ ቆላዎች ስለነበር በደጋማው ወረዳ ይኖራል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ መድኃኒት ከተላመደ ወባ ጋር ተምታቶ ነበር። ከተለየ በኋላ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፍቶ ብዙ ሕሙማንን አከመ። እስከዚያ ድረስ ግን ካላዛር ካልታከመ የሚገድል በመሆኑ የዘገየው ምርመራ የሰው ሕይወት አስከፍሏል።

በየቀበሌው ትኩሳቱን፣ የሆድ እብጠቱንና የሕክምናውን አለመሥራት በሥርዓት የሚመዘግብ፣ ምዝገባውንም ለጤና ባለሙያ የሚያደርስ የሠለጠነ ወጣት ቢኖር ጥርጣሬው ቶሎ ሊነሣ ይችል ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። የርብና የጉማራን የውኃ ከፍታ በየቀኑ ማንበብ፣ የምንጮችን መጠን በበጋ መለካት፣ በጉና አናት ላይ እርሻ የደረሰበትን ወሰን በየዓመቱ ምልክት ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንዱ ተማሪ ሲመረቅ ለሚቀጥለው የሚያስረክበው ደብተር ነው። የአንድ ክረምት ልኬት ወሬ ነው፤ የ10 ክረምት ልኬት ግን ዕውቀት ነው። የዩኒቨርሲቲው የጉና ጣና የተቀናጀ የመስክ ምርምርና ልማት ማዕከል ለእንዲህ ያለው ርክክብ ተፈጥሯዊ ቤት ሊሆን ይችላል።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን መዘንጋት የለበትም። የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ ካልተሸፈነ በጎ ፈቃድ የባለጸጋ ልጅ መብት፣ የድኻ ልጅ ዕዳ ይሆናል። ክረምቱን ለቤተሰቡ የሚያርስ ወይም በቀን ሥራ ለመጪው ዓመት ደብተር መግዣ የሚያጠራቅም ተማሪ በነጻ እንዲያገለግል ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ጉባኤ፦ የሚፈትን መድረክ ወይስ የሚሸጥ ወረቀት

የጉባኤ ጥቅሙ ጥናት በማያውቁት ሰዎች ፊት መፈተኑ ነው። ይህን ፈተና የማይሰጥ ጉባኤ ምንም ያህል ስሙ ቢያምር ገበያ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ «ጥናትህ ተቀብሏል» የሚል፣ ከሕክምና እስከ ግብርና ሁሉንም ሙያ በአንድ አዳራሽ የሚሰበስብ፣ ከምንም በፊት ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ጥሪ ሊጠረጠር ይገባዋል። እንዲህ ያለው ጥሪ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው መካሪ በአጠገቡ የሌለውን የገጠር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።

በደብረ ታቦር ላይ ሌላም ሸክም አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የትምህርት ዘመን ሲዛባ ቆይቷል። ኔትወርክ በሌለበት ሳምንት ያለፈ ቀነ ገደብ ተመልሶ አይመጣም። የውጭውን ጥሪ ብቻ የዕድል መለኪያ ማድረግ ስለዚህ ተማሪውን በእጁ በሌለ ነገር መመዘን ነው።

የቅርቡ መድረክ ደግሞ ባዶ አይደለም። የኢትዮጵያ ሥነ ሕይወት ማኅበርና የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር በአገር ውስጥ የሚገኙ የሙያ ቤቶች ናቸው። ሪሰርች ፎር ላይፍ በተሰኘው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም አማካይነት በታዳጊ አገሮች ያሉ ተቋማት በዋጋ የሚሸጡ መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ማንበብ ይችላሉ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ በየዓመቱ በደብረ ታቦር የተማሪዎች ጉባኤ ሊያደርግ፣ ከጉባኤውም አንዱን ቀን በአማርኛ ብቻ ለአርሶ አደሮች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለካህናት ሊሰጥ ይገባዋል። መጠይቅ የሞላ፣ አፈሩን ያስለካ፣ ደኑን የከፈተ ሰው ውጤቱን የመስማት መብት አለው። ስሕተቱንም ከማንም ቀድሞ የሚያርመው እርሱ ነው።

ስታርታፕ፦ ከጋፋት እስከ ወረታ

ስለ ፈጠራ ሥራ በደብረ ታቦር ሲነገር ጋፋትን አለማንሣት አይቻልም። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በከተማዋ አጠገብ ባቋቋሙት በዚህ የሙያ መንደር ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሳሰሉ አውሮፓውያን መድፍ ሲሠሩ፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም በአጠገባቸው ሙያ እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በዚያ ተቀልጦ ተሠራ፤ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ከሞቱና አውሮፓውያኑ ከአገር ከወጡ በኋላ ግን ጋፋት አልቀጠለም። ሐሳቡ ታላቅ፣ ድካሙም እውነተኛ ነበር። የሥራው ፈላጊ ግን አንድ ሰው ብቻ ስለነበረ ከእርሱ ጋር አለፈ። ሙያው ወደ ገበሬው ማረሻ፣ ወደ ገበያው ወፍጮ አልወረደም።

ከጋፋት ወደ ፎገራ ሲወረድ ተቃራኒው ይታያል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝን አስተዋወቁ። ውኃ ይተኛበት የነበረው ጥቁር አፈር ለሌላ ሰብል ችግር ሲሆን ለሩዝ ግን ምቹ ሆነ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ የቀበሌዋን ስም ይዞ ከገበሬ ወደ ገበሬ ተዛመተ፤ በወረታ መፈልፈያ ወፍጮዎች በረከቱ፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚያው ተተከለ። ይህ ሁሉ የቆመው ብዙ ገዢና ብዙ አምራች ስላለው ነው።

የዛሬ ተማሪ የስታርታፕ ሐሳብ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ሊጠየቅ ይገባል። ዳኞችን ብቻ የሚያስደስት ሐሳብ የጋፋት ዕጣ ይጠብቀዋል። የፋርጣ ድንች አምራች በመከር ወቅት በርካሽ ሸጦ ለዘር ጊዜ በውድ የሚገዛበት ችግር፣ የዘር ድንችን ብርሃን በሚያስገባና አየር በሚያዘዋውር ቀላል ጎተራ ማቆየት፣ የሩዝ ገለባን ለማገዶ ማዋል፣ እነዚህ በውድድር መድረክ ላይ አያንጸባርቁ ይሆናል። ደንበኛቸው ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆሞ ይገኛል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ይህ አቋም ተማሪውን በአጥር ውስጥ ያስቀረዋል፣ የዓለም አቀፍ መድረክ ዕድሉን ያጠብበታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የደኑ ታሪክ ተቃራኒውን ይመሰክራል፤ ጥናቱ ዓለምን ያነጋገረው በጣም አካባቢያዊ ስለነበረ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም የሒሳብ ተማሪ ከጉናና ከጉማራ ምን አለው የሚል ነው። የውኃ ልኬትን የሚያነብ ሞዴል፣ የገበያ ዋጋን በስልክ የሚያደርስ አገልግሎት፣ የጤና መዝገብን የሚያደራጅ ሶፍትዌር ሠሪ እንደሚሹ ማስታወስ ይበቃል። ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ በጸጥታ ችግር ውስጥ ተማሪን ወደ መስክ መላክ አደጋ አለው የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ከማንኛውም መረጃ የሰው ሕይወት ይበልጣል። ስለዚህ ሥራው ሰላም ባለበት ቀበሌ፣ በተለይም ተማሪው በተወለደበትና በሚታወቅበት አካባቢ መጀመር አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ የተነሡት ነጥቦች ወደ ሦስት ተግባራዊ ሐሳቦች ያመራሉ። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ለጉባኤም ሆነ ለስታርታፕ ከሚሰጠው ድጋፍ በፊት ተማሪው ጥያቄውን፣ ጥያቄው የሚመለከተውን ሕዝብና እስካሁን ያየውን በአንድ ገጽ እንዲያቀርብ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ የመስክ በጎ ፈቃድ የኮርስ ነጥብና የትራንስፖርት ወጪ ይኑረው፤ ለጉዞና ለሽልማት የሚመደበው ገንዘብም አስቀድሞ ለዚህ ይዋል። ሦስተኛ፣ ማን በምን መስፈርት እንደተላከና ምን ይዞ እንደተመለሰ በየዓመቱ በግልጽ ይለጠፍ፤ ዕድል በትውውቅ የሚታደል ከሆነ ጥያቄ የመጠየቅ ፍላጎት አስቀድሞ ይሞታልና።

የምሩቅ ብዛት ከሥራው ብዛት በበለጠበት በዚህ ጊዜ የምስክር ወረቀት ክምር ብቻውን በር አይከፍትም። አንድን ወንዝ፣ አንድን ሰብል ወይም አንድን በሽታ ለዓመታት የተከታተለ፣ የተከታተለውን በጽሑፍ ያስቀመጠ፣ ያስቀመጠውንም ለሚመለከተው ሕዝብ ያስረዳ ወጣት ግን የትኛውም ጥሪ ቢመጣ የሚመልሰው አለው። ጥሪ ባይመጣም ሥራው አይቋረጥም።