ጥሬ ማለት ሥጋ ብቻ ነው እንዴ?

አማርኛችን «ጥሬ» ለሚለው ቃል ያለው ስሜት ወጥ አይደለም። ጥሬ ገንዘብ ሲባል ፊት ይፈካል፤ ጥሬ ሐቅ ሲባል ጆሮ ይቆማል፤ ጥሬ ሥጋ ሲባልማ ቢላዋው እስኪሳል መታገሥ ያቅታል። ጥሬ ጎመን ሲባል ግን ያ ሁሉ ፈገግታ ይጠፋል። ክትፎ ቤት ገብቶ «ለብ ለብ ይደረግ ወይስ ጥሬውን?» ተብሎ ሲጠየቅ «ጥሬውን!» ያለ ሰው እንደ ጎበዝ ይታያል። ይኸው ጎበዝ በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ካሮትና ቀይ ሥር ከትፎ፣ ሎሚ ጨምቆበት ሲበላ ቢገኝ፣ ባልደረቦቹ ተራ በተራ እየመጡ «ምነው፣ ስኳር ተገኘብህ እንዴ?» ይሉታል።

እኔንም ይኸው ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከትሎኛል። ስኳርም ደም ብዛትም የለብኝም። ሐኪም አላዘዘኝም፤ ባሕታዊም አልገሠጸኝም። በቀን ቢያንስ አንዱን ማዕዴን እሳት ካልነካው አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ የማደርገው ስለሚጥመኝ ነው። ይህች «ስለሚጥመኝ» የምትባል ምክንያት ግን በእኛ ዘንድ እንደ ምክንያት አትቆጠርም። ጥሬ ቅጠል የሚበላ ሰው ወይ የታመመ፣ ወይ የቸገረው፣ ወይ ንስሐ የገባ፣ አለዚያም ውጭ አገር ቆይቶ የመጣ መሆን አለበት። እነዚህን አራት ሰበቦች አልቀበልም። ጥሬ አትክልት ደስታ ነው፤ ደስታውም የራሳችን ነው። የነጠቁን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ንቀታችን፣ ሌላው ቆሻሻ ውኃችን።

ንቀቱ የት እንደተወለደ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ክረምቱ ወጥቶ አዲሱ ዓመት ሲገባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እንላለን። አባባሉ ያለ ምክንያት አልመጣም። ጎተራው በሚራቆትበት ክረምት የገበሬውን ቤተሰብ ደግፎ ያሻገረው የጓሮው ጎመን ነበር። ነገር ግን ባለውለታነቱ ተረሳና የችግር ወራት ማስታወሻ ሆኖ ቀረ፤ እህል ሲደርስ ከቤት የምናባርረው እንግዳ አደረግነው። «ጎመን በጤና» የምንለውም ቢሆን ምስጋና አይደለም፤ ሥጋ ያጣ ሰው ራሱን የሚያጽናናበት ነው። ወደ ጥሬው ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በትውፊታችን ጥሬ ቆርጥሞ ውኃ የሚጠጣ ሰው ዓለምን የናቀ ባሕታዊ ነው። እንዲህ አድርገን ጎመንን ለችግር፣ ጥሬን ለንስሐ መደብንና ለደስታ የቀረን ሥጋ ብቻ ሆነ።

«ጾማችንስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባል፤ ለካህናትና ለመነኮሳት ቁጥሩ እስከ 250 ይደርሳል። ሌላው ዓለም «ቪጋን» ብሎ እንደ አዲስ ግኝት የሚያወራው ነገር ለእኛ አያቶቻችን ያቆዩልን ሥርዓት ነው። ግን የጾም ማዕዳችንን እስቲ ገልጣችሁ እዩት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ድንቹ፣ ጥቅል ጎመኑ ሁሉ ከድስት የወጣ፣ ሁሉም ዘይት የጠጣ ነው። ጥሬ የሚባል ካለ በትሪው ጥግ ለጌጥ ያህል የተቀመጠች የቲማቲም ሰላጣና አንዲት ቃሪያ ናት። ከአትክልት ጋር ግማሽ ዓመት አብረን እየኖርን መልኩን ሳናይ እንሸኘዋለን።

ይህም ሆኖ ጥሬ መብላትን ከማንም አንማርም። ከመስቀል ወዲህ የባቄላና የአተር እሸት፣ ቆየት ብሎም የሽምብራ እሸት በየመንገዱ ዳር ሲመጣ የማይገዛ ማን ነው? ነዶውን ከነግንዱ ይዞ፣ ፍሬውን እየፈለቀቀ፣ ጨው ጨው ከሚለው ልጣጩ ጋር ጣቱን እየላሰ የሚሄደው የከተማ ሰው፣ ያን ሰዓት ስለ ጤናም ስለ ፋሽንም አያስብም። ልጅ ሳለን ደግሞ እሾህ እየወጋን አጋም፣ ቀጋ፣ ኮሽምና እንጆሪ ለቅመናል፤ ሾላ ሥር ተሻምተናል። ቃሪያውን ሰንገን በሽንኩርትና በቲማቲም ሞልተን እንበላለን። ከደቡብ ወደ ከተማው የዘለቀው ዳጣ ምንድን ነው? ከነጭ ሽንኩርትና ከበሶብላ ጋር የተፈጨ ጥሬ ቃሪያ ነው። ባቄላውን ዘፍዝፈን ስናበቅለው «ጎንቆል» የሚል ስም አለን። ጁስ ቤት ገብተን አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ተደራርቦ የቆመበትን ስፕሪስ በማንኪያ ስንበላውስ እሳት የት አለ? ጥሬውን አላጣነውም፤ ከ«ምግብ» ተራ አውጥተን መክሰስና የልጅ ጨዋታ አደረግነው እንጂ።

ወደ ማዕዱ መልሼ ሳመጣው ያገኘሁትን ደስታ ልናገር። የአበሻ ጎመንን ቅጠል ከአጥንቱ ለይታችሁ እንደ ክር በቀጭኑ ክተፉት። ጨውና ሎሚ አድርጋችሁ በእጃችሁ እሹትና ለግማሽ ሰዓት ተዉት። ያ ደረቅ ቅጠል እጁን ይሰጣል፤ ይለሰልሳል፤ መራራነቱ ወደ ጣፋጭነት ያዘነብላል። ቃሪያ፣ ዝንጅብልና የበሰለ አቮካዶ ጨምራችሁ አዋህዱት። ቀይ ሥርን ሳይቀቅሉ በመፈቅፈቂያ አውርዶ ብርቱካን መጭመቅ ነው፤ ቀቅለን የምናውቀው ቀይ ሥር የዚህኛው ጥላ መሆኑ ያኔ ይገባል። ካሮት ጥርስ ሥር ድምፅ አለው። የአተር እሸት ከበሰለው አተር ጋር ስሙን እንጂ ጠባዩን አይጋራም። ወጣችን ግሩም ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን በርበሬ ጌታ ነው፤ ጌታ ባለበት ሌላው ዝም ይላል። ጥሬ ማዕድ ላይ ዝምተኞቹ ይናገራሉ። ከዚህም በላይ ጥሬ አትክልት በጥድፊያ አይዋጥም። ማኘክ ያስገድዳል፤ ሲታኘክም ጨዋታ ያመጣል። ከቁርጥ ቤት ወዳጅነት የማያንስ ወዳጅነት በአንድ ሳህን ሰላጣ ዙሪያም ይገኛል።

እዚህ ላይ ከራሴ ወገን ነን ከሚሉት ጋር መጣላቴ ግድ ነው። ጥሬ ምግብን እንደ ሃይማኖት የሚሰብኩ፣ «እሳት የነካው ሁሉ ሙት ነው» የሚሉ ሰዎች በከተማችንም መሰማት ጀምረዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም። የስዊሱ ሐኪም ማክሲሚልያን ቢርኸር ቤነር በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ዙሪክ ላይ ለሕሙማኑ ጥሬ ፖም ፈቅፍቆ ከአጃና ከለውዝ ጋር ያቀርብ ነበር፤ ዛሬ ሙዝሊ የሚባለው የዚያ ማዕድ ልጅ ነው። ከእርሱ ወዲህ የመጡት ግን ማዕዱን ወደ መድኃኒት፣ መድኃኒቱንም ወደ ተአምር ለወጡት። «ሕያው ኢንዛይም» ይሉናል። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ጨጓራ ሲገባ ብዙው እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል። ቫይታሚን ሲ በሙቀት መጉደሉ እውነት ነው፤ የቲማቲሙ ቀይ ቀለም ሊኮፒን ደግሞ ሲበስል ለሰውነት ይበልጥ እንደሚመች አይነግሩንም። ቫይታሚን ቢ 12 ከዕፀዋት እንደማይገኝ፣ ከእንስሳት የሚገኘውን ሁሉ ለዘለቄታው የተወ ሰው ከሌላ ቦታ ማግኘት እንዳለበትም አይነግሩንም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የጀርመን ጥናት ለረጅም ጊዜ በጥሬ ምግብ ከኖሩ ከ45 ዓመት በታች ሴቶች 30 ከመቶ ያህሉ የወር አበባቸው በከፊል ወይም ጨርሶ መቋረጡን አሳይቷል። የእኛም ገበሬ ከማንም ጥናት በፊት አንድ ነገር ያውቃል፤ ጓያን የዘወትር ምግብ ያደረገ እግሩ ይያዛል። ዕፅዋት ሁሉ ስለበቀለ ብቻ ወዳጅ አይሆንም። እሳት ጠላታችን አይደለም፤ እኔም ማታ ማታ ሽሮዬን በደስታ እበላለሁ።

ከሰባኪዎቹ ቀጥሎ ነጋዴዎቹ አሉ። «ዲቶክስ» ብለው በጠርሙስ የሚሸጡልን የቆስጣና የዝንጅብል ጭማቂ ዋጋው የአንድ ቤተሰብ የቀን አስቤዛ ነው። ሰውነትን የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት በነፃ እየሠሩ፣ ይህን ያህል የምንከፍለው ለመጠጡ ሳይሆን ለጠርሙሱ ነው። የገበሬ ልጅ ማሳ ላይ ተቀምጦ በነፃ የበላውን እሸት የባለጠጋ መለያ ማድረግ፣ ጎመኑን በችግረኛነቱ ከመናቅ አይሻልም። ሁለቱም አትክልቱን አትክልት ሆኖ እንዲበላ አይፈቅዱለትም።

እስካሁን ያነሣሁት ጠብ ግን ከዋናው ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሆድ ያመመው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ «ሰላጣ በልተሃል?» መባሉን የማያውቅ የለም። ጥያቄው የተገባ ነው። ከተማችን ከምትበላው ቅጠላ ቅጠል ብዙው የሚበቅለው ከትንሹና ከትልቁ አቃቂ ወንዞች በተጠለፈ ውኃ ነው። እነዚህ ወንዞች የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክመው ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ይደርሳሉ። «ቀቅሎ መብላት ነዋ!» የሚል መልስ ሁልጊዜ አለ። መቀቀል ታይፎይዱንና አሜባውን ይገድላል። ከዓመታት ጀምሮ በተደጋጋሚ የወጡ ጥናቶች በእነዚሁ ማሳዎች ላይ በበቀሉ እንደ ሰላጣና ቆስጣ ባሉ ቅጠሎች ውስጥ ያገኙት ካድሚየም ግን ፈልቶ አይሞትም። ድስቱ የሚያድነን ከጀርም ነው፤ ከዝቃጩ አያድነንም። እንግዲህ ጥሬ የሚበላውም ቀቅሎ የሚበላውም ያው አንድ ጀልባ ላይ ነን፤ ልዩነቱ ጥሬ የሚበላው ቀድሞ መጮኹ ነው።

ለሥጋው ያደረግነውን እስቲ አስቡት። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ሆኖም ቁርጣቸውን አልተዉም፤ የኮሶን አበባ እየጠጡ በሉ። ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ ከተማዋ ቄራ አቆመች፤ የእንስሳት ሐኪም በሬውን ይመረምራል፤ በሥጋው ላይ ማኅተም ይመታል። የምንወደውን ጥሬ በመንግሥት ማኅተም አስከበርነው። ለቅጠሉስ? ከጅምላ ገበያ እስከ ጉሊት ድረስ ያለውን መንገድ ተከትላችሁ «ይህ ሰላጣ በምን ውኃ አደገ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ የለም፤ የመመለስ ግዴታ ያለበት መኖሩም አይታይም። ሥጋው ማኅተም አለው፤ ቅጠሉ ዕድል ብቻ አለው።

«ይህ የድሃ አገር ዕጣ ነው» የሚለውንም አልቀበልም። ሀብታሞቹም ይታመማሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ጥሬውን የተበላ የአብሽ ቡቃያ ባመጣው የኢ ኮላይ ወረርሽኝ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መርማሪዎቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከታማሚው ሳህን ተነሥተው ቡቃያው የወጣበትን እርሻ አገኙ፤ ከዚያም አልፈው ዘሩ ከግብፅ የገባ መሆኑ ላይ ደረሱ። እኛ ከቆስጣችን ተነሥተን ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ማሳ አናገኝም።

ጣት ሲቀሰርም ብዙ ጊዜ የሚቀሰረው በወንዙ ዳር ገበሬ ላይ ነው። ፍትሕ አይደለም። ገበሬው ያገኘውን ውኃ ያጠጣል፤ ውኃውን ያቆሸሸው እርሱ አይደለም። ማሳውን መንጠቅ እርሱን ሥራ ያሳጣል፤ ለእኛም ጎመን ያስወድዳል፤ ወንዙን ግን አያጠራም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአዲስ አበባን የወንዝ ዳርቻዎች የማስዋብ ሥራ ተጀምሯል። አበባው ደስ ይላል፤ አጥሩም ያምራል። የእኔ መለኪያ ግን ሌላ ነው። ወንዙ ጸድቷል የምለው በዚያ ውኃ የበቀለ ሰላጣ ለልጄ ሳልፈራ ስሰጥ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ የድስቱን ውጪ ማሸት ነው።

እስከዚያው ድረስ አንባቢ ጥሬ ደስታውን እንዲተው አልመክርም። ልጣጭና ገለፈት ያላቸውን አስቀድሙ፤ አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ብርቱካኑ፣ የባቄላውና የሽምብራው እሸት። ጓሮ ያለው ጎመኑን በቧንቧ ውኃ ያሳድግ፤ ጓሮ የሌለው በረንዳ ላይ፣ በቀለም ቆርቆሮ ውስጥም ቢሆን ሰላጣ ይበቅላል። ቅጠል ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፤ ስለዚህ ሻጩን ስለ ውኃው መጠየቅ አታቋርጡ። ዛሬ ባይመልስ ነገ እርሱም አከፋፋዩን ይጠይቃል። በየቤታችን የምናደርገው ግን መጠባበቂያ ነው። የቅጠል ማኅተምን በየጓሮው ማብቀል አይቻልም፤ እርሱን የምንጠይቀው ከከተማ አስተዳደሩ ነው።

«ጎመን በጤና» የሚለው ተረት እስካሁን የተሸናፊ መጽናኛ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የባለመብት ጥያቄ እናድርገው፤ ጎመኑን ከነጤናው አምጡልን!